«በስሜ ምንም የለም»፦ በፍቺ ጊዜ የተደበቀ ንብረት እንዴት ይገኛል?

«በስሜ ምንም የለም።»

ትዳር ሊፈርስ ሲል ይህ ቃል በብዙ ቤት ይሰማል። መንዝ ላይ ሃምሳ በግ የነበረው ሰው በአንድ ወር ውስጥ አምስት ብቻ ይቀሩታል። ምንጃር ላይ ሙሉ የነበረ ጎተራ በአንድ ሌሊት ባዶ ይሆናል። ደብረ ብርሃን ላይ ለዓመታት ኪራይ ሲሰበሰብበት የኖረ ቤት «የወንድሜ ነው» ይባላል። ወር በወር እቁብ ትጥል የነበረችው ሚስት ደግሞ «የምን እቁብ?» ትላለች። መደበቅ የባል ብቻ ሥራ አይደለም። ግን ሽያጩንም፣ ውሉንም፣ ባንኩንም ወንዱ በሚይዝበት ቤት ባዶ እጇን የምትወጣው ብዙ ጊዜ ሴቷ ናት።

ይህን የምጽፈው «በስሜ ካልሆነ ምን መብት አለኝ?» ብለው ዝም ለሚሉ ሰዎች ነው። ዝም የሚሉት ሁለት ጥያቄዎች ስለሚምታቱባቸው ይመስለኛል። አንደኛው «ንብረቱ የማን ነው?» የሚል ነው። ሁለተኛው «ንብረቱ አለ ወይ?» የሚል ነው። በመጀመሪያው ጥያቄ ሕጉ በጣም ያግዛል። በሁለተኛው ግን ማስረጃ ማምጣት ያለበት ጠያቂው ነው። የቀረውን ይህን ልዩነት ይዘው ያንብቡት።

## የትኛው ሕግ ነው የሚመለከተን?

የቤተሰብ ሕግ ማውጣት በአገራችን የክልሎች ሥልጣን ነው። አዲስ አበባና ድሬዳዋ የሚሠራው የፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 213/1992 ነው። በአማራ ክልል ሥር ያለው የኛ ሰሜን ሸዋ የሚመራው ግን በክልሉ የቤተሰብ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 79/1995 ነው። በንብረት ጉዳይ ዋና ዋና መርሆቻቸው አንድ ናቸው። ከሁለቱም በላይ ሕገ መንግሥቱ አለ። አንቀጽ 34 ባልና ሚስት ሲጋቡም፣ በትዳር ሳሉም፣ ሲፋቱም እኩል መብት አላቸው ይላል።

ድሮ በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ፍቺን የሚያዩት የቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ነበሩ። ዛሬ ፍቺን የሚወስነው ፍርድ ቤት ነው። ጉዳዩ የሚጀምረው ከወረዳ ፍርድ ቤት ነው። ይግባኙ ደብረ ብርሃን ወዳለው ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይሄዳል።

## «የጋራ» የሚባለው የትኛው ነው?

ትዳርን እንደ አንድ ጎተራ ያስቡት። ከጋብቻው ቀን ጀምሮ ሁለቱም ወደዚያ ጎተራ ያስገባሉ። እሱ ያረሰው፣ እሷ የነገደችው፣ የሱ ደመወዝ፣ የሷ የአረቄ ሽያጭ፣ ሁሉም አንድ ቦታ ይገባል። ቁልፉን ማን ያዘው፣ ማን ብዙ አስገባ አይባልም። ይህ የጋራ ንብረት ነው። ሲለያዩ እኩል ይካፈሉታል።

ከጎተራው ውጭ የሚቀረው የግል ንብረት ነው። አንዱ ከጋብቻ በፊት የነበረው፣ ከጋብቻ በኋላም ቢሆን ለብቻው የወረሰው ወይም በስጦታ ያገኘው የግሉ ነው። የሰማንያ ውላችሁ ላይ ማን ምን ይዞ እንደገባ ተጽፎ ከሆነ ያ ወረቀት እዚህ ላይ ትልቅ ዋጋ አለው። ሠርጉ ላይ የነበሩት ሽማግሌዎችም ምስክር ይሆናሉ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በፍሬው ላይ ነው። ከግል ንብረት የሚገኝ ገቢ የጋራ ነው። ባል ሸዋ ሮቢት ላይ ከአባቱ የወረሰው ቤት አለ እንበል። ቤቱ የሱ ነው። በትዳሩ ዘመን ከቤቱ የተሰበሰበው ኪራይ ግን የሁለቱ ነው። በኪራዩ ባጃጅ ተገዝቶ ከሆነ ባጃጁም የሁለቱ ነው። «ቤቱ ውርሴ ስለሆነ ከሱ የመጣ ሁሉ የኔ ነው» የሚለው ክርክር በሕጉ ፊት አይቆምም።

## በእሱ ስም ብቻ ቢሆንስ?

ካርታው፣ ሊብሬው፣ የባንክ ደብተሩ በአንዱ ስም ብቻ መሆኑ ንብረቱን የግል አያደርገውም። ሕጉ የሚነሳው ከተቃራኒው ነው። በአንዱ ስም ቢመዘገብም እንኳ የባልና ሚስት ንብረት ሁሉ የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል። ይህ «የሕግ ግምት» ይባላል። ሌላ ነገር እስኪረጋገጥ ድረስ ፍርድ ቤቱ እንደ እውነት የሚይዘው ማለት ነው።

በግ ያረባ ሰው ይህን ቶሎ ይረዳዋል። በአንድ መንጋ ውስጥ የተገኘ በግ የመንጋው ነው። «ይቺ የኔ ናት» የሚል ሰው የጆሮ ምልክቷን ያሳያል። ምልክት ካላሳየ በጓ ከመንጋው ጋር ትቆጠራለች። ፍርድ ቤትም እንዲሁ ነው። «የግሌ ነው» የሚለው ወገን ያስረዳል። «የጋራ ነው» የሚለው ወገን ስለዚህ ነጥብ ብዙ መድከም የለበትም።

«የግሌን ሸጬ በሱ ብር ነው የገዛሁት» ቢልም በቃል አይበቃም። የግል ብር መሆኑን ማሳየት፣ አዲሱ ንብረትም የግል እንዲባልለት ፍርድ ቤቱን መጠየቅ አለበት።

## ሕጉ እንዲህ ከረዳ ሰው ለምን ባዶ እጁን ይወጣል?

ጎተራው የጋራ ነው መባሉ በውስጡ ስንት ኩንታል እንዳለ አይናገርም። የሕግ ግምቱ የሚሠራው መኖሩ በታወቀ ንብረት ላይ ነው። አንዲት ሴት ችሎት ቀርባ «ብዙ ብር አለው፣ ብዙ ከብት አለው» ብትል ዳኛው ምን ሊያካፍል ይችላል? «ብዙ» አይካፈልም። የሚካፈለው «እገሌ ባንክ ያለ ሒሳብ»፣ «እዚህ ቀበሌ ያለ ባለ አራት ክፍል ቤት»፣ «በዚህ ዓመት ጥር ላይ የነበሩ ሠላሳ ሁለት በጎች» ነው።

ይህ ያሳዝነኛል። ምክንያቱም ተጎጂው ብዙ ጊዜ ከንብረቱ እንዲርቅ የተደረገው ሰው ነው። ስንት እንዳለ ያልተነገራት ሚስት ስንት እንዳለ አስረጂ ትባላለች። ግን አስተውለው ካዩት ቤት ውስጥ የኖረ ሰው ከሚያስበው በላይ ያውቃል። የትኛው ባንክ በር ላይ ቆማ እንደጠበቀችው ታስታውሳለች። የባጃጁን ታርጋ ልጁ በቃሉ ይዞታል። ቤቱን የሠራው ግንበኛ ምሳ የበላው ከሷ ማእድ ነው። የጅሩን ሰንጋ ገዝቶ የወሰደውን ነጋዴ መልኩን ታውቀዋለች። እነዚህ ሁሉ ማስረጃ የሚጀምርባቸው ጫፎች ናቸው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ መጻፍ ነው። አንድ ደብተር ይውሰዱ። ያለውን ንብረት ሁሉ በአንድ ወገን ይጻፉ። በጎኑ መቼ እንደተገኘ፣ የት እንዳለ፣ በማን ስም እንደሆነ፣ ማን እንደሚያውቅ ይጻፉ። ያላወቁትን ክፍት ይተዉት። ማንበብና መጻፍ የማይችል ሰው ለሚያምነው ልጅ ወይም ዘመድ እያስጻፈ ይህን ማድረግ ይችላል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ። ቤት ውስጥ ያሉትን ሰነዶች በስልክ ፎቶ ያንሱ፤ ዋናውን ግን ከቦታው አይውሰዱ።

## ንብረት የሚደበቀው የት ነው? ዱካውስ?

ባንክ። ባንክ የደንበኛውን ሒሳብ ለባል ወይም ለሚስት አይናገርም። ፍርድ ቤት ሲያዘው ግን ይናገራል። እዚህ ላይ አንዲት ነገር ልብ ይበሉ። «ስንት ብር አለው?» ብቻ ብለው ካስጠየቁ መልሱ «120 ብር» ሊሆን ይችላል። ማስጠየቅ ያለብዎት ያለፉትን ዓመታት የሒሳብ እንቅስቃሴ ነው። ያኔ ትልቅ ገንዘብ መቼ እንደወጣ፣ ወደ ማን ሒሳብ እንደገባ ይታያል። ብሩ ቢወጣም ዱካው አይወጣም። ቴሌብርም እንዲሁ ነው። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ብዙ ሰው ገንዘቡን በስልክ ስለሚያንቀሳቅስ እሱም በማመልከቻው ይካተት። የድሮው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም ዛሬ ጸደይ ባንክ ሆኗል። የቆየ የቁጠባ ደብተር ካለ እዚያም መጠየቅ አይርሱ።

መኪናና ባጃጅ። ታርጋው ከታወቀ የመጀመሪያው ባለቤት ማን እንደነበር፣ ስሙ መቼ እንደዞረ ከትራንስፖርት መሥሪያ ቤት በትእዛዝ ይመጣል። ስሙ የዞረው ጠብ በተጀመረ ሰሞን ከሆነ ቀኑ ራሱ ይናገራል።

ከብት። ይህ ለኛ አካባቢ ትልቁ ነው። በግና ላም መዝገብ የላቸውም። አንዱ መንገድ ወደ ሩቅ ዘመድ ነድቶ «ለርቢ ሰጠሁ» ማለት ነው። ወይም «የዘመዴ ናቸው፣ እኔ ነኝ በርቢ የያዝኳቸው» ማለት ነው። እዚህ ላይ ምስክር ነው የሚያወጣው። እረኛው፣ በአንድ ግጦሽ የሚያውሉ ጎረቤቶች፣ ከብት ሲከተብ የነበረ የቀበሌ የእንስሳት ባለሙያ። ምስክሩ «ብዙ በግ ነበረው» ካለ ደካማ ነው። «ባለፈው ዓመት ሲከተቡ ቆጥሬ ሠላሳ ሁለት ነበሩ፣ ከመስቀል በኋላ ወደ አጎቱ ሲነዱ አይቻለሁ» ካለ ጠንካራ ነው።

እህል። ጤፍና ስንዴ በፍጥነት ይሸጣል። ግን ስንት መሬት እንደታረሰ ይታወቃል። የማዳበሪያና የምርጥ ዘር ግዥ ይመዘገባል። መሬቱ በእኩል ለሌላ ተሰጥቶ ከሆነ እኩል አራሹ ድርሻውን ሲያስረክብ ስንት እንደሆነ ያውቃል።

እቁብ። ዳኛውና ጸሐፊው ይጠየቃሉ። የእቁብ ጸሐፊ ማን መቼ ጣለ፣ ለማን መቼ ደረሰ የሚለውን መዝግቦ ይይዛል።

ንግድ። ንግድ ፈቃድ፣ የግብር መዝገብ፣ የመጋዘን ኪራይ ውል። ሱቁ «ከሰረ» ቢባል እንኳ ዕቃው ወዴት እንደሄደ መጠየቅ ይቻላል።

ታዲያ ይህን ሁሉ ራስዎ እየዞሩ አይሰብስቡ። ከክሱ ጋር የሚቀርብ የማስረጃ ዝርዝር አለ። በእጅዎ ያለውን ያያይዛሉ። በሌላ ሰው ወይም መሥሪያ ቤት እጅ ያለውን ደግሞ «የት እንዳለ» ጠቅሰው ፍርድ ቤቱ አዝዞ እንዲያስቀርብ ይጠይቃሉ። የመሥሪያ ቤቱ ስም፣ ቅርንጫፉ፣ ዓመቱ በትክክል ከተጻፈ ትእዛዙ ፍሬ ያፈራል።

## በወንድሙ ስም ቢሆንስ?

እዚህ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ቅድም ያየነው የሕግ ግምት የሚሠራው በባል ወይም በሚስት ስም ላለ ንብረት ነው። በወንድም፣ በእናት፣ በጓደኛ ስም ላለ ንብረት አይሠራም። በወረቀቱ ላይ ያለው ሰው ባለቤት ነው ተብሎ ይጀመራል። «የለም፣ ስሙ ብቻ ነው የሱ» የሚል ሰው ማስረዳት አለበት። ደባቂዎች ይህን መንገድ የሚመርጡት ለዚህ ነው።

ከባድ ነው። ግን የማይቻል አይደለም። ጥያቄው አንድ ነው፤ ብሩን ማን ከፈለ? ደብረ ብርሃን ላይ በወንድም ስም የተገዛ ቤት አለ እንበል። ቤቱን የሸጠው ሰው ብሩን ከማን እጅ ተቀበለ? ደላላው ከማን ጋር ሲነጋገር ነበር? ከባል ሒሳብ ግዥው በተፈጸመበት ሳምንት ትልቅ ገንዘብ ወጥቷል? ወንድሙ በዚያ ጊዜ ገቢው ምን ነበር? ተማሪ ወይም ሥራ የሌለው ሰው ቤት የገዛበትን ብር ከየት አመጣ? ተከራዮቹ ኪራይ የሚከፍሉት ለማን ነው? የመብራት ክፍያውን ማን ይከፍላል? አንዱ መልስ ብቻውን ላይበቃ ይችላል። ሁሉም ወደ አንድ ሰው ሲያመለክቱ ግን ዳኛው ያያል።

የአካሄድ ነገርም አለ። ወንድሙ በክርክሩ ውስጥ መግባት አለበት። በሌለበት ክርክር የተሰጠ ፍርድ ከሱ እጅ ንብረት አያስወጣም። ስለዚህ ባልን ብቻ ከሶ «የወንድሙ ቤትም ይካፈል» ማለት ወረቀት ማባከን ነው። አቤቱታው ሲጻፍ ይህን ለሚጽፍልዎ ሰው ይንገሩት።

## እግድ ምንድን ነው? መቼ ይጠየቃል?

እግድ ማለት ክርክሩ እስኪያልቅ ድረስ ንብረቱ እንዳይሸጥ፣ እንዳይለወጥ፣ ስሙ እንዳይዞር፣ ገንዘቡ እንዳይወጣ የሚሰጥ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ነው። ጎተራ ከሥሩ እህል ማውጫ አፍ አለው። እግድ ያንን አፍ መድፈን ነው። ማን ስንት ይውሰድ የሚለው ገና አልተወሰነም። እህሉ ግን ባለበት ይቆያል።

የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 154 ክርክር የተነሳበት ንብረት ሊባክን፣ ሊበላሽ ወይም ወደ ሌላ ሊተላለፍ እንደሆነ ከታየ ፍርድ ቤቱ እንዲያግድ ይፈቅዳል። የቤተሰብ ሕጉም የፍቺ ጥያቄ ሲቀርብ ፍርድ ቤቱ ስለ ቀለብ፣ ስለ ልጆችና ስለ ንብረቱ አያያዝ ወዲያው ትእዛዝ እንዲሰጥ ያደርጋል። የፍቺው ውሳኔ እስኪመጣ መጠበቅ አያስፈልግም።

መቼ? ከፍቺ አቤቱታው ጋር አብሮ። ሳይቃጠል በቅጠል። መጥሪያው ለተከሳሽ ደርሶ፣ እሱ ጠበቃ አማክሮ፣ ሁለት ቀጠሮ ካለፈ በኋላ የተጠየቀ እግድ ብዙ ጊዜ ባዶ ሒሳብ ያግዳል። ማመልከቻው ለምን እንደሚያሰጋ በግልጽ ይናገር። «ባለፈው ሳምንት ቤቱን ለሽያጭ ለደላላ ሰጥቷል» የሚል ከ«ሊሸጥ ይችላል» ይሻላል። መሐላ ይፈጸማል። ትእዛዙ ከተሰጠ በኋላ ደግሞ ለባንኩ፣ ለማዘጋጃ ቤቱ፣ ለትራንስፖርቱ ወይም ለመሬት ጽሕፈት ቤቱ መድረሱን ራስዎ ይከታተሉ። ፋይል ውስጥ የተቀመጠ እግድ ማንንም አያግድም።

መዘግየት ሌላም ጉዳት አለው። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት፣ ባልና ሚስት ለረጅም ጊዜ ተለያይተው የየራሳቸውን ኑሮ ከመሠረቱ ጋብቻው በተግባር ፈርሷል ሊባል እንደሚችል ወስኗል። ባል አዲስ አበባ ገብቶ ሌላ ትዳር ከመሠረተ ስምንት ዓመት ቢሆነው፣ በነዚያ ዓመታት ያፈራው ሁሉ የጋራ ነው ማለት ቀላል አይሆንም።

## ሽማግሌ ይዞታል፤ ልጠብቅ?

ሽማግሌ ትልቅ ነገር ነው። ብዙ ትዳር አድኗል፤ ያልዳነውንም በሰላም አለያይቷል። ሕጉም ዕርቅን ይደግፋል። ፍርድ ቤቱ ራሱ ባልና ሚስቱ በመረጧቸው ሽማግሌዎች እንዲነጋገሩ ሊያደርግ ይችላል። ግን ሽማግሌ ባንክ ማገድ አይችልም። «ለፋሲካ እንነጋገር፣ ከአዝመራ በኋላ እንጨርስ» እየተባለ ወራት ሲያልፉ በጎቹ ያልቃሉ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሆናል።

ሁለቱን አብሮ ማስኬድ ይቻላል። እግዱን ያስጠብቁ፤ ሽምግልናውንም ይቀጥሉ። ይህ ሽማግሌን መናቅ አይደለም። «አባቶቼ፣ እናንተ እስክትጨርሱ ንብረቱ ባለበት ይቆይልኝ» ማለት ነው። ካልሆነም ሽማግሌዎቹ የመጀመሪያ ሥራቸው ንብረቱን ቆጥሮ በጽሑፍ መያዝና ማስፈረም እንዲሆን ይጠይቁ። ያ ወረቀት ነገ ችሎት ላይ ከማንኛውም ንግግር በላይ ይረዳል።

በስምምነት ስትለያዩም ዝርዝሩን ሳታዩ አትፈርሙ። በውሉ ላይ «ከዚህ ዝርዝር ውጭ በኋላ የሚገኝ የጋራ ንብረት ቢኖር እኩል ይካፈላል» የሚል አንድ መስመር ያስገቡ። ምንም አልደበቅኩም የሚል ሰው ይህን መስመር የሚፈራበት ምክንያት የለውም።

## ቀድሞ የሸጠውስ?

ቤት የመሰለ የማይንቀሳቀስ የጋራ ንብረት ያለ ሁለቱም ስምምነት አይሸጥም፣ አይለወጥም፣ በመያዣ አይሰጥም። አንዱ ብቻውን ከሸጠ ሌላው ውሉ እንዲፈርስ መጠየቅ ይችላል። ግን ጊዜ አለው። የፌዴራሉ ሕግ ይህን ጥያቄ ሽያጩን ካወቁበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር ውስጥ፣ በማንኛውም ሁኔታ ደግሞ ውሉ ከተደረገ በ2 ዓመት ውስጥ እንዲቀርብ ይላል። «ሰምቼ ነበር ግን ዝም አልኩ» የሚለው ቃል ብዙ መብት ያስቀራል።

በግና እህል ግን ሌላ ነው። ገበያ ላይ በቅንነት የገዛን ሰው ማሳደድ አያዋጣም። እዚህ ላይ የሚጠየቀው የዋጋው ግማሽ ነው። ሠላሳ በግ ሸጦ ገንዘቡ ለቤት ካልዋለ፣ እነዚያ በጎች እንዳሉ ተቆጥረው ከሱ ድርሻ ላይ እንዲቀነሱ ይጠይቁ። ለዚህ ነው የነበሩበትን ጊዜና ቁጥር የሚናገር ምስክር ዋጋ ያለው።

አንድ ልመና አለኝ። «እሱ ከሸጠ እኔም ልሽጥ» አይበሉ። የሁለተኛው ስህተት የመጀመሪያውን አያርመውም፤ ችሎት ላይም ሁለታችሁን እኩል ያደርጋችኋል።

## «ዕዳ አለብን» ቢልስ?

ይህ ደግሞ ንብረት ሳይሸሽግ ንብረት የሚያጠፋ ዘዴ ነው። የአጎት ልጅ ድንገት 800,000 ብር አበድሬው ነበር ብሎ ይመጣል። ንብረቱ ከመካፈሉ በፊት ዕዳ ስለሚከፈል፣ ዕዳው እውነት ከተባለ የሚካፈል አይቀርም።

ሦስት ጥያቄ ይጠይቁ። ወረቀት አለው ወይ? በፍትሐ ብሔር ሕጉ ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ፣ ወይም በችሎት በሚደረግ እምነት ወይም መሐላ ካልሆነ በምስክር ብቻ አይረጋገጥም። ሁለተኛው፣ ሌላኛው ወገን ተስማምቶበታል ወይ? የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ ከ500 ብር በላይ መበደር የሁለቱን ስምምነት እንደሚፈልግ ይናገራል። ሦስተኛው፣ ገንዘቡ የት ገባ? 800,000 ብር ተበድሮ ቤት ውስጥ ጣሪያ ካልተቀየረ፣ ሒሳብ ላይ ካልታየ፣ ከብት ካልተገዛ፣ ጥያቄው ትክክለኛ ጥያቄ ነው።

እዚህ ላይ ፍትሐዊ መሆን አለብን። ሁሉም ዕዳ ውሸት አይደለም። ለልጅ ሕክምና፣ ለትምህርት፣ ለማዳበሪያ የተወሰደ ብድር አንዱ ብቻ ቢፈርምበትም ለትዳሩ ጥቅም የዋለ ነው። እሱን መሸሽ አይቻልም።

## የገጠር መሬቱስ?

መሬት አይሸጥም፤ ባለቤቱ መንግሥትና ሕዝብ ነው። የሚካፈለው የይዞታ መብቱ ነው። የባልና ሚስት የጋራ ይዞታ ከሆነ የይዞታ ደብተሩ በሁለቱም ስም መሆን አለበት። ደብተሩን ያውጡና ስምዎና ፎቶዎ መኖሩን ይዩ። ከሌለ ወደ ወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት ሄደው መዝገቡ ምን እንደሚል ይጠይቁ። ያለ እርስዎ ፈቃድ መሬቱ ለረጅም ዓመት ተከራይቶ ከሆነም እዚያው ይታያል። ከጋብቻ በፊት በአንዱ ስም የነበረ ይዞታ ግን የራሱ ክርክር ያለው ስለሆነ የሕግ ሰው ያማክሩበት።

## ለጠበቃ ገንዘብ ከሌለኝስ?

የዳኝነት ክፍያ መክፈል የማይችል ሰው በደሃ ደንብ መክሰስ ይችላል። ከቀበሌው ድሃ መሆኑን የሚገልጽ ማስረጃ ይዞ ፍርድ ቤቱን ይጠይቃል። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር አቅም ለሌላቸው ሴቶች ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። የሴቶችንና የሕፃናትን ጉዳይ የሚከታተለው የወረዳው ጽሕፈት ቤትም ወዴት መሄድ እንዳለብዎ ይጠቁማል። ወደ የትኛውም ቢሄዱ ንብረቱን የዘረዘሩበትን ደብተር ይዘው ይሂዱ። ንብረቱን በዝርዝር የያዘን ሰው ጉዳይ የሕግ ባለሙያው በአንድ ቀን ይረዳዋል፤ አቤቱታውም ቶሎ ይጻፍለታል።

## ፍርድ ከተሰጠ በኋላ የተደበቀው ቢገኝስ?

ንብረቱ ተካፍሏል። ከዓመት በኋላ አንድ ተከራይ መጥቶ «እኛኮ ሁልጊዜ ኪራይ የምንከፍለው ለባልሽ ነበር» ይላል። በሩ ተዘግቷል ማለት አይደለም። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 6 ፍርዱ የተሰጠው በሐሰተኛ ሰነድ፣ በሐሰት ምስክርነት ወይም በመሰል ነገር መሆኑ በኋላ ከታወቀ ያው ፍርድ ቤት ጉዳዩን እንደገና እንዲያየው መጠየቅ ይፈቅዳል። ጠያቂው ፍርዱ ሲሰጥ ተግቶም ቢሆን ሊያውቀው ያልቻለው ነገር መሆኑን ማሳየት አለበት። ጊዜውም አጭር ነው፤ ነገሩ ከታወቀ ጀምሮ አንድ ወር።

ስለዚህ ያ ተከራይ የነገረዎትን ቀን፣ ስሙንና ያሳየዎትን ወረቀት ዕለቱኑ በደብተርዎ ላይ ይጻፉ። ወሩ መቆጠር የሚጀምረው ከዚያ ቀን ነው።